ፕሮቶን በደጋ ከተማ፦ ራሳቸውን የሚያደራጁ ፈሳሽ ክሪስታሎች

የቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባህር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ከእርሱ በስተምሥራቅ የተዘረጋው ሰሚትም፣ ከፔፕሲ ፋብሪካው አካባቢ ጀምሮ እስከ ኮንዶሚኒየሞቹና እስከ አዳዲሶቹ የሪል እስቴት መንደሮች ድረስ፣ በዚያው ከፍታ አቅራቢያ ያለ ሰፈር ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባህር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ውሃም በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈላል። ይህ እውነታ ሽምብራና ባቄላ በአዲስ አበባ ቶሎ የማይበስሉበትን ምክንያት ከማስረዳት ያለፈ ጥቅም የሌለው ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ከሃይድሮጅን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ መሣሪያዎችን ወደ ደጋ ከተማ ለማምጣት ለሚያስብ ሰው፣ የውሃው የመፍያ ነጥብና የአየሩ ሳሳነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥሙት ችግሮች ናቸው። ለእነዚህ ችግሮች በዓለም ቤተ ሙከራዎች ከሚፈለጉት መፍትሔዎች መካከል አንዱ፣ ምናልባትም እጅግ ውብ የሆነው፣ ሞለኪውሎች ያለ ማንም አዛዥ ተሰልፈው ለፕሮቶን መንገድ የሚያበጁበት የፈሳሽ ክሪስታል ሳይንስ ነው።

መሣሪያው ፊውል ሴል ይባላል። ሃይድሮጅንንና በአየር ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በእሳት ሳያቃጥል አገናኝቶ ኤሌክትሪክ፣ ሙቀትና ውሃ ያስገኛል። የዌልስ ተወላጁ የሕግና የሳይንስ ሰው ዊልያም ግሮቭ የመጀመሪያ ሙከራውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1839 ሲሆን፣ መሠረታዊው አሠራር ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም። በአንደኛው ኤሌክትሮድ ላይ ሃይድሮጅን በፕላቲነም ረዳትነት ኤሌክትሮኑን ይለቃል፤ ኤሌክትሮኑን ያጣ የሃይድሮጅን አቶም ደግሞ ሌላ ምንም የሌለው ባዶ ፕሮቶን ነው። ኤሌክትሮኑ በሽቦ ዞሮ አምፖል እያበራ ወይም ሞተር እያሽከረከረ ወደ ሁለተኛው ኤሌክትሮድ ሲሄድ፣ ፕሮቶኑ ግን በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል የተዘረጋውን፣ ሜምብሬን የሚባለውን ስስ ገለፈት አቋርጦ ማዶ መድረስ አለበት፤ እዚያም ከኦክስጅንና ተዟዙሮ ከመጣው ኤሌክትሮን ጋር ተገናኝቶ ውሃ ይሆናል። ገለፈቱ ፕሮቶንን በነፃ እያሳለፈ ኤሌክትሮንን፣ ሃይድሮጅንንና ኦክስጅንን እንዲከለክል ይጠበቅበታል። የፊውል ሴል ዕድሜ፣ ዋጋና ብቃት በአብዛኛው የሚወሰኑት በዚህ ከሰው ፀጉር ውፍረት በማይበልጥ ገለፈትና በግራ ቀኙ በተቀባው ፕላቲነም ነው።

ፕሮቶን እንደ ሶዲየም ወይም እንደ ፖታሲየም አዮን በፈሳሽ ውስጥ እየዋኘ ብቻ የሚጓዝ አይደለም። በውሃ ውስጥ ያለው ተንቀሳቃሽነት ከሶዲየም አዮን 7 ጊዜ ያህል የሚበልጥ ሲሆን፣ የዚህ ፍጥነት ምስጢር የፕሮቶኑ ማነስ ሳይሆን የአጓጓዙ ስልት ነው። አንድ ፕሮቶን ወደ አንድ የውሃ ሞለኪውል ሲጠጋ፣ ሞለኪውሉ ይቀበለውና ከራሱ ሃይድሮጅኖች አንዱን ለጎረቤቱ ያስተላልፋል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ያደርጋል፤ በዚህ መንገድ በአንድ ጫፍ የገባው ፕሮቶንና በሌላው ጫፍ የወጣው ፕሮቶን ፈጽሞ የተለያዩ ሲሆኑ፣ የተጓዘው የኤሌክትሪክ ሙላቱ ነው። ይህን የቅብብሎሽ ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1806 ለመጀመሪያ ጊዜ የሰነዘረው ቴዎዶር ፎን ግሮትሁስ የተባለ ወጣት ኬሚስት ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ፕሮቶን የሚባል ነገር መኖሩም ሆነ የውሃ ሞለኪውል ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን መሆኑ ገና አልታወቀም ነበር። ሐሳቡ ከእርሱ ዕውቀት ቀድሞ መድረሱ የሚያስደንቅ ነው፤ ዛሬም የፕሮቶን ቅብብሎሽ በእርሱ ስም ይጠራል። ከአሠራሩ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ ቅብብሎሹ እንዲቀጥል ሞለኪውሎቹ በሃይድሮጅን ትስስር ተያይዘው መሰለፍ አለባቸው፤ አንዱን ፕሮቶን ካሳለፉ በኋላም ቀጣዩን ለመቀበል ዞር ማለት መቻል አለባቸው። ሥርዓትም ነፃነትም በአንድነት ያስፈልጋሉ ማለት ነው፤ የዚህ ሁሉ ምርምር ቁልፍ ጥያቄም ይኸው ነው።

በአሁኑ ጊዜ ገበያውን የያዘው ገለፈት ናፊዮን የሚባለው ፖሊመር ሲሆን፣ በ1960ዎቹ በአሜሪካው የዱፖንት ኩባንያ በዋልተር ግሮት የተፈጠረ ነው። ጀርባው መጥበሻ እንዳይዝ ከሚቀባው ቴፍሎን ጋር አንድ ዓይነት፣ ውሃን የሚሸሽ የካርቦንና የፍሎሪን ሰንሰለት ሲሆን፣ ከዚህ ሰንሰለት የሚንጠለጠሉት ቅርንጫፎች ጫፋቸው ላይ ሰልፎኒክ አሲድ የተባለ፣ ውሃን የሚወድና ፕሮቶኑን በቀላሉ የሚለቅ ክፍል ይዘዋል። ገለፈቱ ውሃ ሲጠጣ ውሃ ሸሹ ክፍል ለብቻው፣ ውሃ ወዳዱም ለብቻው ይሰበሰባሉ፤ በመካከላቸውም ጥቂት ናኖ ሜትር ስፋት ያላቸው የውሃ መተላለፊያዎች ይፈጠራሉ። አንድ ናኖ ሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የእነዚህ መተላለፊያዎች ቅርጽ ምን እንደሆነ ለአርባ ዓመታት ያህል ሲያከራክር ቆይቷል፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቀጭን አንገት የተያያዙ 4 ናኖ ሜትር ገደማ የሆኑ ክብ ኪሶች ናቸው ተባለ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ 2.4 ናኖ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ጎን ለጎን የተደረደሩ ቱቦዎች ናቸው የሚል ሌላ ማብራሪያ ቀረበ። ክርክሩ ይህን ያህል የዘለቀው የናፊዮን ውስጣዊ አቀማመጥ በራሱ ያልተስተካከለ፣ ከቦታ ቦታ የሚለያይ ስለሆነ ነው። ያም ሆኖ በሚገባ ሲርስ በሴንቲ ሜትር 0.1 ሲመንስ ገደማ የማስተላለፍ አቅም አለው፤ ሲመንስ አንድ ነገር ኤሌክትሪክን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያሳልፍ የሚለካበት መስፈሪያ ነው። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ለገበያ ያቀረበው ሚራይ የተባለው የሃይድሮጅን መኪናም በዚሁ ዓይነት ገለፈት ላይ የቆመ ነው።

የናፊዮን ድክመት ከውሃ ጋር ያለው ቁርኝት ነው። ሲደርቅ የማስተላለፍ አቅሙ በመቶና በሺህ እጥፍ ስለሚወርድ፣ ፊውል ሴሉ ከ80 ዲግሪ ብዙ ሳያልፍ እንዲሠራና የሚገባው አየርም እርጥበት እንዲኖረው ይደረጋል። ይህ ግዴታ በሰሚት ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በ80 ዲግሪ እርጥበት በጠገበ አየር ውስጥ የውሃው ተን ብቻውን 47 ኪሎ ፓስካል ገደማ ግፊት ይይዛል። በባህር ጠረፍ ጠቅላላው የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ ለደረቁ አየር 54 ገደማ ይተርፈዋል፤ በአዲስ አበባ ግን ጠቅላላው ግፊት 77 ገደማ ስለሆነ የሚተርፈው 30 ብቻ ነው። ከደረቅ አየር አንድ አምስተኛ ያህሉ ኦክስጅን በመሆኑ፣ ወደብ ላይ 11 ኪሎ ፓስካል ኦክስጅን የሚያገኘው ኤሌክትሮድ በሰሚት የሚያገኘው 6 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ከፍታው በራሱ ኦክስጅንን በሩብ ያህል ብቻ ሲቀንስ፣ የእርጥበቱ ግዴታ ሲታከልበት ጉድለቱ ወደ ግማሽ ይጠጋል። አየሩን በኮምፕሬሰር መጭመቅ ይቻላል፤ ኮምፕሬሰሩ የሚሠራው ግን ፊውል ሴሉ ካመነጨው ኤሌክትሪክ ተቀንሶ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው የከተማዋ የቀን አየር ደረቅ መሆኑም ሲታሰብ፣ እርጥበቱን ጠብቆ ማቆየት ተጨማሪ ዕቃና ተጨማሪ ጥገና ይጠይቃል። ስለዚህ ያለ ውሃ ወይም በጥቂት ውሃ ፕሮቶን የሚያሳልፍ ገለፈት ለቶኪዮና ለሙኒክ የብቃት ማሻሻያ ሲሆን፣ ለአዲስ አበባ፣ ለደብረ ብርሃንና ለሌሎች የደጋ ከተሞች ግን የሚያስፈልግ መሠረታዊ ነገር ነው።

ውሃን የመተው ሙከራ ከፈሳሽ ክሪስታል በፊትም ነበር። በ1990ዎቹ ፖሊቤንዚሚዳዞል የተባለ ሙቀት የሚችል ፖሊመር በፎስፎሪክ አሲድ ተነክሮ በ160 ዲግሪ አካባቢ እንዲሠራ ተደርጎ፣ ዛሬም በሥራ ላይ ይገኛል፤ አሲዱ ግን ቀስ በቀስ እየተንጠባጠበ ስለሚወጣ ገለፈቱ ይዳከማል። ሌላው አማራጭ ኢሚዳዞል ነው፤ ይህ ትንሽ ቀለበት ቅርጽ ያለው ሞለኪውል በሰውነታችን ፕሮቲኖች ውስጥም የሚገኝ ሲሆን፣ በአንድ ጎኑ ፕሮቶን እየተቀበለ በሌላው እየሰጠ ልክ እንደ ውሃ ቅብብሎሹን ማካሄድ ይችላል፤ በውሃ መፍያ ሙቀትም አይፈላም። ችግሩ ሌላ ነው፦ ኢሚዳዞሉ ልቅ ሆኖ ከተተወ እያደር ታጥቦና ተንኖ ይጠፋል፤ እንዳይጠፋ ከጠንካራ ፖሊመር ጋር ሲታሰር ደግሞ መዞር ስለሚያቅተው ቅብብሎሹ ይቆማል። ኬሚስቶች በዚህ በልቅነትና በእስራት መካከል ሲቸገሩ ዓይናቸውን የጣሉት፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሲታወቅ በቆየ ነገር ግን ለዚህ ተግባር ባልታሰበ የቁስ አካል ሁኔታ ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1888 በፕራግ ይሠራ የነበረው ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር፣ ከኮሌስትሮል የተገኘ አንድ ውህድ ሲያሞቅ ያልተለመደ ነገር ተመለከተ፤ ውህዱ በ145.5 ዲግሪ ቀልጦ ደፍራሳ ፈሳሽ ከሆነ በኋላ፣ በ178.5 ዲግሪ ለሁለተኛ ጊዜ የቀለጠ ያህል በድንገት ጠራ። ነገሩን የመረመረው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦቶ ሌማን ደፍራሳው ፈሳሽ እንደ ውሃ እየፈሰሰ ብርሃንን ግን እንደ ክሪስታል እንደሚሰነጥቅ አሳየ። በጠጣር ክሪስታል ውስጥ ሞለኪውሎች ቦታቸውም አቅጣጫቸውም የተወሰነ ነው፤ በተራ ፈሳሽ ሁለቱም የሉም፤ በፈሳሽ ክሪስታል ግን ሞለኪውሎቹ እየተንቀሳቀሱም አቅጣጫቸውን ወይም ረድፋቸውን ይጠብቃሉ። የዚህን ሁኔታ ፊዚክስ ያጠናው ፈረንሳዊው ፒየር ዢል ደ ጄን እ.ኤ.አ. በ1991 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ፣ ግኝቱ በሰዓት፣ በካልኩሌተርና በላፕቶፕ መስታወት ላይ ዓለምን አዳርሶ ነበር። ፈሳሽ ክሪስታሎች በሁለት መንገድ ይፈጠራሉ፦ አንደኞቹ በሙቀት መለዋወጥ፣ ሌሎቹ ደግሞ በሚሟሙበት ፈሳሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ በውሃ፣ መጠን መለዋወጥ።

ሁለተኛውን መንገድ ለመረዳት ኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ መሄድ አይኖርበትም፤ ለዘመናት ጋቢና ነጠላ ያጸዳው እንዶድ ይህንኑ ኬሚስትሪ የያዘ ነው። የእንዶድ ፍሬ ሳፖኒን የሚባሉ ሞለኪውሎች አሉት፤ እነዚህ ሞለኪውሎች በአንድ ወገን ውሃ ወዳድ የስኳር ክፍል፣ በሌላው ወገን ውሃ ሸሽና ቅባት ወዳድ የሆነ አካል ሲኖራቸው፣ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ውሃ ሸሹን ወደ ውስጥ ሰብስበው ስኳሩን ወደ ውጭ አድርገው ይከባሉ፤ የልብሱ እድፍም በዚህ ክብ ውስጥ ተይዞ ይወጣል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወራጅ ውሃ በታች የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውና ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለብዙ ዓመታት ያካሄዱት ምርምር፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት እንዳስገኘላቸው ይታወቃል፤ ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒንም በስማቸው ሌማቶክሲን ተብሏል። ከዚህ ታሪክ ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን የሞለኪውሉ ባለ ሁለት ጠባይነት ነው። እንዲህ ያለ ጠባይ ያላቸው እንደ ሳሙና ያሉ ሞለኪውሎች በውሃ ውስጥ ጥቂት ሲሆኑ ክብ ኳስ፣ ሲበዙ ረጅም ዘንግ፣ ይበልጥ ሲበዙ ደግሞ ድርብ ንጣፍ ይሠራሉ፤ ዘንጎቹም በተራቸው ባለ ስድስት ጎን ሥርዓት ጠብቀው ይደረደራሉ። ማንም አላስቀመጣቸውም፤ መውደድና መሸሻቸው ብቻ አሰለፋቸው። ሳይንስ በራስ መደራጀት የሚለው ይህንን ነው።

እንግዲህ ውሃ ወዳዱን ጫፍ በአሲድ፣ በኢሚዳዞል ወይም በሌላ ፕሮቶን አቀባባይ ክፍል ብንተካው፣ ሞለኪውሎቹ ራሳቸውን ሲያደራጁ ፕሮቶን አቀባባዮቹም አብረው ተሰልፈው ቀጣይነት ያለው መስመር ይፈጥራሉ። የቀረው ቅባት ወዳድ አካል መስመሩን ከብቦ ይጠብቀዋል። አቀባባዩ ከረድፉ እንዳይወጣ በሞለኪውሉ ቢያዝም፣ ሁኔታው ፈሳሽ በመሆኑ የመዞርና የመወዛወዝ ነፃነቱን አያጣም። ልቅ ኢሚዳዞልና የታሰረ ኢሚዳዞል ያልቻሉትን ፈሳሽ ክሪስታል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ የግሮትሁስ ቅብብሎሽ የሚጠይቃቸውን ሥርዓትንና ነፃነትን በአንድ ቁስ ውስጥ ያገናኛቸዋል።

በዚህ መስክ ቀደምት ሥራ የተሠራው በጃፓን ነው። በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ የታካሺ ካቶ የምርምር ቡድን፣ በአዮን ፈሳሾች ዕውቀቱ ከሚታወቀው ከሂሮዩኪ ኦኖ ጋር በመተባበር፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዮኖች በንጣፍ መካከል ብቻ የሚሄዱባቸውን፣ በ2004 ደግሞ በዓምድ ውስጥ በአንድ አቅጣጫ የሚያልፉባቸውን ፈሳሽ ክሪስታሎች አቀረበ። ዓምዶቹን የሚሠሩት የሽብልቅ ቅርጽ ያላቸው ሞለኪውሎች ሲሆኑ፣ ጠባቡ ጫፋቸው ወደ መሃል፣ ሰፊው ወደ ውጭ ሆኖ ክብ ይሠራሉ፤ ክቡ በክብ ላይ ሲነባበር መሃሉ የአዮን መተላለፊያ ይሆናል። ውጤቱ በወረቀት ላይ ድንቅ ቢሆንም አንድ እንከን ነበረበት። በአንድ ገለፈት ውስጥ ብዙ ሺህ ዓምዶች ያሉባቸው ብዙ ቀጣናዎች ይፈጠራሉ፤ እያንዳንዱ ቀጣና የራሱን አቅጣጫ ስለሚይዝ፣ በአንዱ ቀጥ ብሎ የመጣ ፕሮቶን ወሰኑ ላይ ሲደርስ የሚቀጥለው ቀጣና ዓምዶች ወደ ጎን ተኝተው ይጠብቁታል። ዓምዶቹን ሁሉ ከኤሌክትሮድ ወደ ኤሌክትሮድ እንዲቆሙ ለማድረግ በማግኔት፣ በኤሌክትሪክ ኃይል፣ በመጎተትና በልዩ ገጽታ ላይ በማሳረፍ ብዙ ተሞክሯል፤ በቤተ ሙከራ በትናንሽ ናሙናዎች ይሳካል፤ በስፋት ለማምረት ግን አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ ችግር መውጫው የተገኘው ከጂኦሜትሪ ነው። አለን ሾን የተባለ የናሳ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ጋይሮይድ ብሎ የሰየመው ገጽ በሦስቱም አቅጣጫ ሳይቋረጥ የሚጠማዘዝ፣ ራሱን የማያቋርጥና ሕዋን በሁለት እኩል ግን ፈጽሞ በማይገናኙ ውስብስብ መተላለፊያ መሰል መረቦች የሚከፍል ሲሆን፣ በአንዳንድ ቢራቢሮዎች ክንፍ ውስጥም በተፈጥሮ ይገኛል። አንዳንድ ፈሳሽ ክሪስታሎች በዓምድና በንጣፍ መካከል ባለው ጠባብ የሙቀት ወይም የውህደት ክልል ውስጥ ይህን ቅርጽ ይይዛሉ። መረቡ በየአቅጣጫው ስለሚሄድ የቀጣናው አቀማመጥ ችግር አይፈጥርም፤ በየትም በኩል የገባ ፕሮቶን መውጫ ያገኛል። ታካሂሮ ኢቺካዋ፣ ካቶና ኦኖ እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ባደረጉት ሥራ፣ በአንድ አካላቸው ላይ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሙላት አብረው የያዙ ሞለኪውሎችን ከአሲድና ከጥቂት ውሃ ጋር አዋህደው፣ ውሃው በጋይሮይዱ ገጽ ላይ እጅግ ስስ ንጣፍ ሆኖ እንዲዘረጋና ፕሮቶን በዚያ ንጣፍ ላይ እንዲቀባበል አድርገዋል። ኢቺካዋ ከዚያ ወዲህ በቶኪዮ የግብርናና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ መንገድ ወደ ጠንካራ ፖሊመር ገለፈት ለማሸጋገር ሠርቷል። በናፊዮን ውስጥ በአጋጣሚ የሚፈጠረው የውሃ መተላለፊያ እዚህ በሒሳብ ቀመር ሊጻፍ በሚችል ቅርጽ ይተካል፤ የውሃው ንጣፍ ውፍረትና በገጹ ላይ ያሉት አሲዶች ርቀት በሞለኪውሉ አሠራር አስቀድሞ ይወሰናል። በዚህ ጽሑፍ ከሚነሱት ሥራዎች ሁሉ እጅግ ተስፋ ሰጪው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፈሳሽ ክሪስታል ግን ፈሳሽ ነው፤ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ሲጨመቅ ይፈስሳል፣ ሙቀቱ ሲጨምርም ሥርዓቱን ያጣል። ስለዚህ ሥርዓቱ ከተፈጠረ በኋላ ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ በኬሚካዊ ትስስር ማሰር ያስፈልጋል። ከዚህ አንጻር በስፔን የዛራጎዛ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ከኔዘርላንድ አይንድሆቨን ባልደረባ ጋር ሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ሥራ ትምህርት ሰጪ ነው። ዴንድሪመር በሚባል፣ ከመሃል ተነስቶ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ በሚያወጣ ትልቅ ሞለኪውል ዙሪያ ኩማሪን የተባለ በዕፅዋትም የሚገኝ ውህድ አያይዘው፣ ሞለኪውሎቹ ራሳቸውን ካደራጁ በኋላ አልትራ ቫዮሌት ብርሃን ሲያበሩባቸው ኩማሪኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጣመሩ፤ በዚህም የፈሳሹ ሥርዓት በጠጣር ፊልም ውስጥ ተጠብቆ ፕሮቶን ማስተላለፉን ቀጠለ። ተደራጅቶ መታሰር እንጂ ታስሮ መደራጀት እንደማይቻል የሚያስረዳ ቅደም ተከተል ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነት ቁሶች አብዛኞቹ በማስተላለፍ አቅም ከረጠበ ናፊዮን ገና ያንሳሉ፤ ሞለኪውሎቹም ብዙ የኬሚስትሪ ደረጃዎችን አልፈው በግራም የሚሠሩ እንጂ በቶን የሚመረቱ አይደሉም። በመኪና ወይም በሕንፃ ውስጥ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት እየበራና እየጠፋ የሚሠራ ገለፈት ሙቀትን፣ አሲድንና በኤሌክትሮዱ ላይ የሚፈጠሩ ጠንቀኛ የኦክስጅን ውልዶችን መቋቋም ይጠበቅበታል፤ ከካርቦንና ሃይድሮጅን ብቻ የተሠሩ ሰንሰለቶች በዚህ ረገድ ከፍሎሪናማው ናፊዮን ይደክማሉ። በሌላ በኩል ፍሎሪናማ ውህዶች በአፈርና በውሃ ውስጥ ለረጅም ዘመን ሳይፈርሱ መቆየታቸው አሳሳቢ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አምስት የአውሮፓ አገሮች አጠቃላይ ገደብ እንዲጣልባቸው ሐሳብ አቅርበዋል። ናፊዮንም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የፈሳሽ ክሪስታል መንገድ ዛሬ ባይደርስም፣ ነገ የሚፈለግበት ምክንያት እየበዛ የሚሄደው በዚህ ሳቢያ ነው።

ሕያዋን ግን ይህን ችግር ቀድመው ፈትተውታል። የእያንዳንዱ ሕዋስ ገለፈት ከ4 እስከ 5 ናኖ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ባለ ሁለት ጠባይ ቅባቶች ራሳቸውን አደራጅተው የሠሩት ፈሳሽ ክሪስታል ነው። እንግሊዛዊው ፒተር ሚቼል እ.ኤ.አ. በ1961 ሕዋሳት ከምግብ ያገኙትን ኃይል የሚያጠራቅሙት ፕሮቶኖችን እንዲህ ካለ ገለፈት አንድ ወገን ወደ ሌላው በመግፋት ነው ብሎ ሲነሳ ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ግን የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ፕሮቶኖቹ ተመልሰው የሚያልፉት በገለፈቱ ውስጥ በተተከሉ ፕሮቲኖች በኩል ሲሆን፣ እነዚያ ፕሮቲኖች የሚቀባበሉበት ሰንሰለት በቦታው በተያዙ የውሃ ሞለኪውሎችና ኢሚዳዞልን በመሳሰሉ ክፍሎች የተሠራ ነው። የጃፓኑም የስፔኑም ኬሚስቶች የሚከተሉት ይህንኑ አሠራር ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ ነገሩ ከአገሪቱ የኃይል አቅጣጫ ጋር በቀጥታ ይገናኛል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ነው፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህም በሰሚትና በሲኤምሲ መንገዶች የኤሌክትሪክ መኪና የዘወትር እይታ ሆኗል። ፕሮቶን አሳላፊ ገለፈት ደግሞ ለፊውል ሴል ብቻ የሚውል አይደለም፤ በኤሌክትሪክ ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን የሚያወጣው ኤሌክትሮላይዘርም በዚሁ ገለፈት ይሠራል፤ ለአንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን 9 ኪሎ ግራም ውሃና ከ50 እስከ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ሃይድሮጅን የማዳበሪያ መሠረት መሆኑ ሲታሰብ ጉዳዩ ከኃይልም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር የተፈረመው የጎዴ ዩሪያ ፋብሪካ ስምምነት ሃይድሮጅኑን ከኦጋዴን የተፈጥሮ ጋዝ የሚያገኝ ነው፤ ከውሃ ኃይል ሃይድሮጅን የማውጣት መንገድ ግን ለአንድ የወንዝ አገር ለዘለቄታው ክፍት ሆኖ ይቆያል።

ስለ ሰሚት ኮንዶሚኒየሞች ግን በእውነት መናገር ይገባል። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን በውስጡ የያዘው 33 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን ፊውል ሴል ከዚህ ግማሹን ያህል ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሳል፤ ስለዚህ ሃይድሮጅን ለማውጣት ከገባው ኤሌክትሪክ ተመልሶ የሚገኘው አንድ ሦስተኛ ያህል ነው። መብራት ለሁለትና ሦስት ሰዓት ሲጠፋ ሊፍት ለማንቀሳቀስና የውሃ ፓምፕ ለማስነሳት ባትሪ እጅግ የተሻለ ነው። ፊውል ሴል የሚበልጠው መጠባበቂያው ለቀናት መዝለቅ በሚኖርበት ቦታ ነው፤ ለምሳሌ በሆስፒታል፣ በቴሌ ማማ፣ በመረጃ ማዕከል፣ እንዲሁም ረጅም ርቀት በሚጓዝ ከባድ መኪና። በእነዚህ ቦታዎች ዛሬ የናፍጣ ጄኔሬተር ሥራውን ይዟል፤ እርሱም ራሱ በሳሳው የደጋ አየር ጉልበቱ ይቀንሳል።

ይህን ሳይንስ በአገር ውስጥ ለመሥራት የሚያስችል መነሻ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ክፍሎች ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፖሊመሮችን ከስዊድን ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር ለረጅም ዓመታት ሲያጠኑ ቆይተዋል። ከዚያው የኬሚስትሪ ክፍል ሽመልስ አድማሴ ከሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ሥራ፣ ከእንጨት የሚገኘውን ሊግኒን ከአስተላላፊ ፖሊመር ጋር አዋህደው ኤሌክትሪክ ለማጠራቀም ተጠቅመውበታል። በሊግኒኑ ውስጥ ሙላቱን የሚይዙት ኪኖን የተባሉ ክፍሎች ኤሌክትሮን ሲቀበሉ ፕሮቶንም አብረው የሚቀበሉ በመሆናቸው፣ ሥራው ከፕሮቶን ጉዞ ኬሚስትሪ ብዙም የራቀ አይደለም። ለፈሳሽ ክሪስታል ምርምር በመጀመሪያ የሚያስፈልጉት ማሞቂያ ያለው የፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ፣ የሙቀት መለኪያና የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ናቸው፤ ውስጣዊውን ረድፍ በናኖ ሜትር የሚያሳየው የኤክስ ሬይ መሣሪያ ውድ ቢሆንም፣ ናሙና ልኮ ማስለካት በዚህ ዘርፍ የተለመደ አሠራር ነው። ዋናው ሀብት ሞለኪውል የሚሠራ እጅ ነው፤ የዕፅዋትን ውህዶች ለይቶ የማውጣትና ቅርጻቸውን የመለወጥ ችሎታ ደግሞ በኢትዮጵያ የኬሚስትሪ ትምህርት ውስጥ ሥር የሰደደ ነው።

ገለፈቶችን በፊውል ሴል የመፈተሽ ልማድ በአብዛኛው የተቀረጸው በባህር ጠረፍ ግፊት፣ በ101 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው። አንድ የአራት ኪሎ ቤተ ሙከራ አዳዲሶቹን ገለፈቶች ያለ ኮምፕሬሰር፣ ያለ ተጨማሪ እርጥበት፣ መስኮት ከፍቶ በሚያገኘው በ77 ኪሎ ፓስካል አየር፣ በታኅሣሥ ድርቀትና በሐምሌ እርጥበት ቢፈትሻቸው፣ ውሃ የማይለምነው ገለፈት ከናፊዮን የሚበልጥበትን ልክ በቁጥር ማሳየት ይችላል፤ ያ ቁጥር ለአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን ለኪቶ፣ ለላ ፓዝና ለሜክሲኮ ሲቲም ያስፈልጋቸዋል።